ሐላል ነው ከማለታችን በፊት ሒሳቡን እናንብብ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

የምርጫ ኮርስ ምዝገባ በደረሰ ቁጥር ከጀመዓችን ልጆች አንድ ጥያቄ ይሰማል፦ «የኢንቨስትመንት ትንተናና የፖርትፎሊዮ ኮርስ መውሰድ ይቻላል ወይ? ውስጡ ወለድ አለ አይደል?» ጥያቄው ከተቅዋ የመጣ ነውና ሊናቅ አይገባም። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ግን «ተወው፣ ሹብሃ ነው» የሚል ብቻ ነው። እኔ የምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ በዚህ ሴሚስተር ኮርሱን ከአካውንቲንግና ፋይናንስ ተማሪዎች ጋር እየተማርኩ ነው። የማምነው የተገላቢጦሹን ነው። ዛሬ በአገራችን ባለው ሁኔታ ከሪባ መራቅ የሚፈልግ ሙስሊም ይህን ትምህርት ከማንም በላይ ይፈልገዋል።

ለምን ዛሬ?

የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 የወጣው በ2013 ዓ.ም ነው። በ2017 ዓ.ም ጥቅምት ላይ ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ለሽያጭ አቀረበ። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ ደግሞ 33 አክሲዮን ነበር። ስለዚህ 9,900 ብር ያለው ሰው በቴሌብር፣ ከስልኩ ሳይነሳ ባለድርሻ መሆን ቻለ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ። ከዚያም በፊት ዘምዘምና ሂጅራን የመሳሰሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች ሲመሠረቱ ብዙ ቤተሰቦች ከቁጠባቸው ቀንሰው አክሲዮን ገዝተዋል።

እንግዲህ «ወደ ገበያው እንግባ ወይስ አንግባ?» የሚለው ጥያቄ በብዙዎቻችን ቤት አልፏል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ገብተዋል። የቀረው ጥያቄ ወረቀቱን ማን ያነብላቸዋል የሚለው ነው። አሁን ውሳኔ የሚሰጠው በስም ነው፤ «የእኛ ሰዎች ያቋቋሙት ነው» ይባላል። ወይም «እገሌም ገዝቷል» ይባላል። አልያም በቴሌግራም የተላከ የሁለት ደቂቃ ድምፅ ይበቃል። በግቢያችንም «በሳምንት ገንዘባችሁ እጥፍ ይሆናል» የሚሉ ቻናሎች ይዞራሉ፤ አንዳንዶቹ «ሐላል» የሚል ቃል ለጥፈውበታል። ትርፍ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅን የተማረ ሰው እንዲህ ባለው ወጥመድ በቀላሉ አይያዝም። የዚህ ኮርስ የመጀመሪያ ምዕራፍ የሚያስተምረውም ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ፈትዋው ውስጥ ያለው ክፍልፋይ

በባሕሬን የሚገኘው የእስልምና ፋይናንስ ተቋማት ደረጃ አውጪ ድርጅት፣ አዮፊ፣ ስለ አክሲዮን ያወጣው 21ኛው የሸሪዓ ደረጃ በአጭሩ እንዲህ ነው። የኩባንያው ዋና ሥራ ሐላል መሆን አለበት። በወለድ የተበደረው ገንዘብ ከገበያ ዋጋው 30 በመቶ መብለጥ የለበትም። በወለድ ያስቀመጠውም እንዲሁ። ሐራም የሆነ ገቢው ከጠቅላላ ገቢው ከ5 በመቶ መብለጥ የለበትም። ወለድ መበደሩ ራሱ በዚህ ሐላል አልሆነም፤ ደረጃው የሚናገረው ባለአክሲዮን መሆን ስለሚቻልበት ሁኔታ ነው።

አንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። 1 ሚሊዮን አክሲዮኖች አሉት፤ አንዱ በገበያ 1,000 ብር ያወጣል። ስለዚህ የገበያ ዋጋው 1 ቢሊዮን ብር ነው። በወለድ የተበደረው 280 ሚሊዮን፣ በወለድ ያስቀመጠው 150 ሚሊዮን ነው። የዓመት ገቢው 500 ሚሊዮን ሲሆን ከዚህ ውስጥ 10 ሚሊዮኑ የባንክ ወለድ ነው። ዕዳው 28 በመቶ፣ ተቀማጩ 15 በመቶ፣ ሐራም ገቢው 2 በመቶ ሆነ። ፋብሪካው አለፈ። ባለአክሲዮኑ ግን ሥራ ይቀረዋል። 10 ሚሊዮኑ ለ1 ሚሊዮን አክሲዮን ሲካፈል በአንድ አክሲዮን 10 ብር ይደርሳል። 50 አክሲዮን ያለው ሰው 500 ብር አውጥቶ ማጥራት አለበት፤ ያም ዘካ ተብሎ አይቆጠርለትም።

አሁን የአክሲዮኑ ዋጋ ወደ 800 ብር ወረደ እንበል። ፋብሪካው አንድ ሳንቲም አልተበደረም፤ ዕዳው ግን 35 በመቶ ሆነ። ትናንት ያለፈው ዛሬ ወደቀ። በሌላ በኩል ዕዳውን ለገበያ ዋጋ ሳይሆን ለጠቅላላ ሀብቱ የሚያካፍሉ አሉ፤ ኤምኤስሲአይና ፉትሲ የሚያወጧቸው እስላማዊ መለኪያዎች እንዲህ ያደርጋሉ። የፋብሪካው ሀብት 1.4 ቢሊዮን ከሆነ ዕዳው 20 በመቶ ብቻ ነው። ዳው ጆንስ ደግሞ የ24 ወር አማካይ የገበያ ዋጋ ይወስዳል፤ ወሰኑም 33 በመቶ ነው። አንድ ኩባንያ፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ሪፖርት፤ መልሱ ግን እንደ አካፋዩ ይለያያል። «ሐላል ነው ተብሏል» ሲባል «በየትኛው መለኪያ? በየትኛው ቀን ዋጋ?» ብሎ መጠየቅ ዑለሞችን መድፈር አይደለም። እነሱ የሰጡትን ደረጃ በአግባቡ መጠቀም ነው።

አንዳንዶች እዚህ ላይ «ይህ 30 በመቶ ራሱ ከየት መጣ?» ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ወሰኑ የኢጅቲሃድ ውጤት ነው። ሲሶን እንደ ወሰን ለመያዝ ስለ ኑዛዜ የመጣውን የሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ ሐዲስ የሚጠቅሱ አሉ፤ ሐዲሱ ስለ ሌላ ጉዳይ ነው ብለው የሚቃወሙም አሉ። የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ ዋና ሥራቸው ሐላል ሆኖም አልፎ አልፎ በወለድ በሚሠሩ ኩባንያዎች አክሲዮን መያዝ በመሠረቱ ሐራም ነው ብሏል። ይህን ጥብቅ አቋም የያዘ ሰው ከፍተኛ ጥንቃቄ ይዟል። ነገር ግን እሱም ቢሆን ዕዳው ዜሮ መሆኑን የሚያውቀው የሀብትና ዕዳ መግለጫውን እስከ ማብራሪያ ማስታወሻዎቹ ድረስ ሲያነብ ነው። 30 በመቶ የሚለውም ዜሮ የሚለውም ያንኑ ወረቀት መክፈት ግድ ይሆንበታል። ኮርሱን ሳይማሩ ጥብቅ መሆን አይቻልም፤ መገመት ብቻ ነው የሚቻለው።

ሜዳው ሲጠብ ጥበቡ ይበልጥ ያስፈልጋል

ሁለተኛው የኮርሱ ክፍል ፖርትፎሊዮ ነው። ሃሪ ማርኮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1952 ያሳየው ነገር ለምህንድስና ተማሪ እንግዳ አይደለም። ሁለት አክሲዮኖች አሉ እንበል፤ የእያንዳንዳቸው የትርፍ መዋዠቅ 20 በመቶ ነው። ገንዘቡን እኩል ከፍለን ብንገዛና ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው የሚወጡና የሚወርዱ ቢሆኑ መዋዠቁ ያው 20 በመቶ ነው። አንዱ ከሌላው ጋር ምንም ግንኙነት ከሌለው ግን ወደ 14 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ሁለት ጄኔሬተር አቁሞ ሁለቱንም ከአንድ ነዳጅ ማጠራቀሚያ የሚቀዳ ሰው መጠባበቂያ የለውም። የሲሚንቶ ፋብሪካ፣ የብረታ ብረት አስመጪና የቤት አልሚ አክሲዮን የያዘም እንዲሁ ነው። ግንባታ ሲቆም ሦስቱም አብረው ይቆማሉ።

አሁን የእኛን ሁኔታ እንይ። ቦንድና የግምጃ ቤት ሰነድ በወለድ ስለሆኑ አይሆኑንም። በወለድ የሚያበድሩ ባንኮች፣ የተለመደው ኢንሹራንስ፣ ቢራ ፋብሪካ አይሆኑንም። በአገራችን አክሲዮን ማኅበር ሲባል ቀድመው የሚመጡት እነዚሁ ናቸው። በአዲሱ ገበያ መጀመሪያ የተመዘገበውም መደበኛ ባንክ፣ ወጋገን ነው። ስለዚህ የአንድ ሙስሊም ቤተሰብ ቁጠባ በአንድ ከወለድ ነፃ ባንክ አክሲዮን ላይ ብቻ ተከማችቶ ቢገኝ አያስገርምም። ባንኩ ሐላል መሆኑ ከኪሳራ ሥጋት አያድነውም። ሰፊ ሜዳ ያለው ሰው በዘፈቀደ ቢዘራም የተወሰነው ይበቅልለታል። ጠባብ ማሳ ያለው ግን እያንዳንዷን ትልም ማወቅ አለበት።

ከኮርሱ የማንወስደው

ኮርሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ሥራ የሚወሰድ አይደለም፤ ይህን ደብቄ ማለፍ አልፈልግም። የሌለውን አክሲዮን ተበድሮ መሸጥ አለ፤ ይህ ሰው በእጁ የሌለውን እንዳይሸጥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከከለከሉት ጋር ይጋጫል። በቀመሩ ውስጥ ግን ይህ ማለት የአንድ አክሲዮን ድርሻ ከዜሮ በታች ሆነ ማለት ብቻ ነው። ድርሻዎቹ ከዜሮ በታች እንዳይወርዱ ገደብ ስናስቀምጥ ቀመሩ አይፈርስም፤ በገደቡ ውስጥ የተሻለውን ይሰጠናል። ምህንድስና ያለ ገደብ አያውቅም። ድልድይ የሚነድፍ ሰው የአፈሩን አቅም ተቀብሎ ነው የሚነድፈው። ሐላልና ሐራምም ለእኛ እንዲሁ ናቸው።

«ከሥጋት ነፃ» የተባለው የመንግሥት ወለድም በየቀመሩ ይገባል። ፈተና ላይ ማስላት ወለድ መብላት አይደለም። ዊልያም ሻርፕ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1994 መለኪያውን አስፍቶ በወለዱ ቦታ ሌላ ማነጻጸሪያ ማስገባት እንደሚቻል ጽፏል። ከወለድ ነፃ ባንክ በሙዷረባ ሒሳብ የሚያከፋፍለውን ትርፍ በዚያ ቦታ አስገብቶ መሥራት ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ርዕስ ነው።

መድረሳ የተማርን ልጆች ይህ ሊያስፈራን አይገባም። በፈራኢድ ትምህርት ግማሽን፣ ሲሶን፣ ስድስተኛን፣ ስምንተኛን ስናካፍል አድገናል። የአልጀብራ አባት የሚባለው አል-ኸዋሪዝሚ በመጽሐፉ ሰፊ ክፍል የሰጠው ለውርስና ለኑዛዜ ሒሳብ ነው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሟ አንቀጽ፣ አል-በቀራህ 282፣ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር ናት። ፊቅህና ሒሳብ የተለያዩት በመንግሥት ትምህርት ቤትና በመድረሳ መካከል ስንመላለስ በእኛ አእምሮ ውስጥ እንጂ በዲናችን ውስጥ አይደለም።

ምን እናድርግ?

ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የምርጫ ኮርስ ዕድል ያላችሁ ይህን ኮርስ ከዝርዝራችሁ አታውጡት። የተከለከለውን ለይታችሁ እየተማራችሁ ውሰዱት። ሁለተኛ፣ ጀመዓችን በወር አንድ ጊዜ ከዐስር ሶላት በኋላ የአንድ ኩባንያ የደንበኛ ሳቢ መግለጫ ወይም ዓመታዊ ሪፖርት ይዞ ይቀመጥ። የፋይናንስ ተማሪው ወረቀቱን ያንብብ፣ የምህንድስና ተማሪው ቁጥሩን ያስላ፣ ኡስታዙ ሑክሙን ይንገሩን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሦስተኛ፣ እኛ ፈትዋ አንስጥ። ሥራችን ለዐሊሙ ትክክለኛውን ቁጥር ማቅረብ ነው። ቁጥሩ የተሳሳተ ጥያቄ የቀረበላቸው ሙፍቲ የሚሰጡት መልስ ለሌላ ኩባንያ የተሰጠ መልስ ነው።

ለእረፍት ወደ ቤት ስንመለስ «ይህን አክሲዮን ልግዛ ወይ?» ብለው የሚጠይቁን ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ ያላቸው ገንዘብ አንድ ጊዜ የሚጠፋ፣ ሁለተኛ የማይገኝ ነው። «አላውቅም፤ ሪፖርቱን አምጡልኝና አብረን እንየው» ማለት የሚችል አንድ ልጅ በየቤቱ ቢኖር ትልቅ አማና ተወጣን ማለት ነው።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ሐላል ከሆነ ሲሳይ ጋር ይለግሰን። ወላሁ አዕለም።