መባ የማይሽረው ዕዳ

አባትንና እናትን ስለ ማክበር የተሰጠው ትእዛዝ በእኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ለሕፃን ነው፤ ልጅ ታላቁን ሲዳፈር፣ የተላከበትን ረስቶ በጨዋታ ሲውል፣ ወላጁም መምህሩም ይህንኑ ቃል እየጠቀሱ ይገሥጹታል። ተግሣጹ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሕጉ በደብረ ሲና ሲደነገግ ከተራራው ግርጌ ቆሞ ይሰማ የነበረው ጉባኤ፣ ሚስት ያገባ፣ ድንኳን የተከለ፣ ጉልበታቸው የደከመ ወላጆቹን ይዞ ከግብፅ የወጣ ጐልማሳ የበዛበት ስለ ነበረ፣ ትእዛዙ አስቀድሞ የሚፈርደው በሕፃኑ ሳይሆን በአባትየው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለዚህም ዋናው ምስክር ወንጌል ነው። በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 7 እንደ ተጻፈው፣ ከኢየሩሳሌም የመጡ ጻፎችና ፈሪሳውያን ደቀ መዛሙርቱ እጃቸውን ሳይታጠቡ በሉ ብለው በከሰሱ ጊዜ፣ ጌታችን የመለሰላቸው ስለ ውኃው አልነበረም። አንድ ሰው ገንዘቡን ለእግዚአብሔር መባ ነው ብሎ ከተሳለ በኋላ አባቱንና እናቱን ከመርዳት ነጻ እንዲሆን የሚፈቅደውን ወጋቸውን አንሥቶ፣ በሥርዓታችሁ የእግዚአብሔርን ቃል ሻራችሁ ሲል ወቀሳቸው። የተወቀሱት ሕግ አዋቂዎች እንጂ ባለጌ ልጆች አልነበሩም፤ ጥፋታቸውም በአምልኮ ስም የተሠራ መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። እርሱ ራሱ በመስቀል ላይ ሳለ፣ የዓለምን ድኅነት በሚፈጽምባት በዚያች ሰዓት፣ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጠ። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 3 ከዚህ አልፎ፣ አባት አእምሮው ቢደክም እንኳ ልጁ እንዲታገሠውና እንዳይንቀው ያዝዛል፤ ሽማግሌ ያስታመመ ሰው ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቀዋል።

ይህ የጻፎች ወግ በአገራችን የለም ለማለት አልደፍርም። ቤተ ክርስቲያን ለሙታን የምታደርሰውን ጸሎተ ፍትሐት አከብራለሁ፤ በ40ኛው ቀን ለነዳያን የሚቀርበውም ማዕድ መልካም ነው። ይሁን እንጂ እናቱ በሕይወት ሳለች መድኃኒት ያልገዛላት፣ በዓመት አንድ ቀን እንኳ ደጇን ያልረገጠ ልጅ፣ ከሞተች በኋላ ሠንጋ ጥሎ፣ ድንኳን ተክሎ፣ አገር ሲጠራ፣ በመባ ዕዳውን ሊሽር ከፈለገው ሰው በምን ይለያል? ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ስለ ቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሰው ሃይማኖቱን ክዷል፣ ከማያምንም ይልቅ የከፋ ነው ያለው እንዲህ ባለው ላይ ይመስለኛል።

ወላጅም ቢሆን ከዚህ ፍርድ አያመልጥም። ያው ሐዋርያ በኤፌሶን መልእክቱ ልጆችን ታዘዙ ካለ በኋላ ወዲያው ወደ አባቶች ዞሮ ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ ይከለክላል፤ ለቆሮንቶስ ሰዎችም መዝገብ ማከማቸት የሚገባው ወላጆች ለልጆች እንጂ ልጆች ለወላጆች አለመሆኑን ጽፏል። ካህኑ ዔሊ ልጆቹን በቃል ገሥጾ በሥራ ስላልከለከላቸው፣ የቤቱን ፍርድ በእጁ ካደገው ብላቴና ከሳሙኤል አፍ ሰማ። በ4ኛው መቶ ዓመት ያስተማረው ዮሐንስ አፈወርቅም ወላጆች ለልጆቻቸው ሀብት ለመተው ሲደክሙ ጠባያቸውን ማቅናት መዘንጋታቸውን አጥብቆ ነቅፏል። ሥርዓተ ጥምቀታችንም ይህንኑ ያስተምራል፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስትጠመቅ፣ ሕፃኑን ከውኃው የሚቀበለው የወለደው ሳይሆን የክርስትና አባት ወይም እናት ነውና፣ ልጅ የወላጅ ርስት ሳይሆን የእግዚአብሔር አደራ መሆኑ በዚያው ይታያል። እንግዲህ ገና ያልጠነከረች ልጁን ወደ ዐረብ አገር ሰድዶ በደመወዟ ቤት የሚሠራ፣ ስትመለስም ባዶ እጇን የሚቀበላት አባት፣ የማክበርን ትእዛዝ በእርስዋ ላይ የሚጠቅሰው በምን ሥልጣን ነው?

ስለዚህ የንስሐ አባቶቻችን ሆይ፣ ባለጸጋው ለደብሩ ግንብ ማሠሪያ ገንዘብ ይዞ ሲመጣ፣ ከመቀበላችሁ በፊት እናቱ ዛሬ ከማን ጋር እንደምትኖርና ማን እንደሚያበላት ጠይቁት፤ መልስ ካጣም ገንዘቡን ይዞ አስቀድሞ ወደ እርስዋ እንዲሄድ እዘዙት።