ጣራው ሲያፈስ

ባለፈው ሰኞ ጧት፣ ገና ካፖርቴን ሰቅዬ ሳልቀመጥ፣ በመሥሪያ ቤታችን በመዝገብ ክፍል የሚሠራ አንድ ወጣት መጣና፤ «ጋሼ፣ ምክር ፈልጌ ነበር» አለኝ። እኔም የማግባት አሳብ መጥቶበት ይሆናል ብዬ ደስ እያለኝ ወንበር ሰጠሁት። ነገሩ ግን ሌላ ሆነ።

ልጁ በእናቱ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ከነመታጠቢያው አሠርቶ ከገባ ገና ሦስተኛ ወሩ ነው። ገንዘቡም የእሱ የሁለት ዓመት ቁጠባና የእናቱ የእቁብ ዕጣ ነው። ታዲያ ሐምሌ እንደ ገባ እናቱ በሚተኙበት ክፍል ኮርኒስ ላይ ቡና የፈሰሰበት የሚመስል አንድ ክብ ታየ። ክቡ ከቀን ወደ ቀን እየሰፋ ሄዶ እነሆ ዛሬ ከሥሩ ሳፋ ተደቅኖበታል። ግንበኛው ተጠርቶ መጣና ቀና ብሎ አየት አድርጎ፤ «ይኸ ላብ ነው፤ አዲስ ቤት ያልበዋል» አለ። ቀለምም ቀብቶበት ሄደ። የቀረችውን የመጨረሻ ክፍያ ሊቀበል ደግሞ ለቅዳሜ ቀጥሯል።

«ልክፈለው ወይስ ልያዝበት?» አለኝ ልጁ። «ሰውየው የሰፈራችን ሰው ነው፤ ከእናቴም ጋራ አንድ እድር ናቸው። ብይዝበት ምን ይለኛል?»

ወዲያው አልመለስኩለትም፤ ይህንኑ ጥያቄ ከዓመታት በፊት ራሴን ጠይቄ የሰጠሁት መልስ ትዝ ብሎኝ አፍሬ ነበርና።

እኔ ቤት ያሠራሁት በ2009 ዓ.ም. ነው። በውላችን ላይ ከጠቅላላው ዋጋ አምስት ከመቶው አንድ ክረምት እስኪያልፍ በእጄ እንዲቆይ ተጽፎ ነበር። በነሐሴ የሳሎኑ ጥግ ወረዛ። ተቋራጩን ብጠራው በማግሥቱ አንድ ቀለም ቀቢ ላከልኝ፤ ጥጉም ነጣ። መስከረም ሲጠባ ሰውየው እቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ለልጆቹ ደብተር መግዣ እንደ ቸገረው አጫወተኝ። እኔም ያችን አምስት ከመቶ ቆጥሬ ሰጠሁት። ባለቤቴ ተቃውማ ነበር። «ጨዋ ሰው እኮ ነው» ብላት፤ «የሚያፈሰው ጨዋነቱ አይደለም፤ ጣራው ነው» አለችኝ። በሁለተኛው ክረምት አንድ ማታ ኮርኒሱ ከነልስኑ ተገንጥሎ በመጻሕፍቴ ላይ ወደቀ። ስልክ ብደውል አይነሣም፤ ብደጋግም ተዘጋ።

ምክንያቱን ያገኘልኝ የጎረቤት አናጢ ነው። ነገሩን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ በአዲስ አበባ ብዙ ሰው የሚያለቅሰው በዚሁ ምክንያት ነውና። በአሁኑ ጊዜ የሚሠራው ቤት ቆርቆሮውን ማሳየት ያፍራል። ስለዚህ ከጣራው በላይ ክንድ ያህል ግንብ ይወጣና ቆርቆሮው ከኋላው ይደበቃል፤ አሸንዳውም በቆርቆሮውና በግንቡ መካከል ይቀበራል። ከመንገድ ሲያዩት ያምራል። ዳሩ ግን በድሮው ቤት አሸንዳ ሲሞላ ውሃው ወደ ውጭ፣ ወደ ግቢው ይፈስ ነበር፤ በዚህኛው ግን ከሞላ መውጫው ወደ ቤት ውስጥ ብቻ ነው። የእኔ አሸንዳ ለዚያ ሁሉ ጣራ አንዲት ቀጭን መውረጃ ቱቦ ብቻ ነበረችው። አዲስ አበባ ደግሞ በረዶ የሚጥልባት ከተማ ናት። በረዶው አሸንዳውን ሞልቶ ቱቦይቱን ሲደፍናት፣ ውሃው ከቆርቆሮው ሥር ሾልኮ ይገባል። በዚህ ላይ ሠራተኛው ተጠንቅቆ አሸንዳውን በውሃ ልክ አስተካክሎ አጋድሞታል። ለወለል ቢሆን ባመሰገንኩት! ወደ ቱቦው ያላዘመመ አሸንዳ ግን ገንዳ ነው።

ደግሞም ውሃ በገባበት አይወጣም። ከጣራው ሥር ማገሩን ይዞ ሦስት አራት ሜትር ይጓዝና እንጨቱ ዝቅ ካለበት ይንጠባጠባል። ስለዚህ በኮርኒሱ ላይ የሚታየው ክብ የሚነግረን ውሃው የት እንደ ደረሰ ነው፤ ከየት እንደ ተነሣ አይነግረንም። ክቡን አይቶ ክቡን የሚቀባ ሠራተኛ ምንም አልሠራም። እንዲያውም ጎድቶናል፤ እርጥቡን ልስን በቀለም ሲያፍነው ከሥሩ ሻጋታ ይበቅላል፤ የውሃውንም ዱካ ያጠፋብናል። አዲስ ልስን ለመድረቅ ሳምንታት መፈለጉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ እርጥበት እያደር ይቀንሳል እንጂ ዝናብ በጣለ ቁጥር እየተነሣ አይሰፋም። ዝናብ በሌለበት ሳምንትም የሚረጥብ እንደሆነ ጥርጣሬው ወደ ቧንቧ ይዙር፤ የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዘግቶ ቆጣሪው መዞር አለመዞሩን ማየት ነው።

አናጢው ያደረገው ይህን ነበር። አንድ ሰው የእጅ ባትሪ አስይዞ በኮርኒሱ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አስገባ። እሱ ራሱ ጣራ ላይ ወጥቶ ከዝቅተኛው ቦታ ጀምሮ ባልዲ ውሃ በአንድ ቦታ ብቻ ያፈስና ሩብ ሰዓት ያህል ይጠብቃል፤ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ያልፋል። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ቢያርሱት የሚገኘው ዕውቀት ቤቱ ያፈሳል የሚል ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ እናውቀዋለን። በአምስተኛው ባልዲ ላይ ከውስጥ ያለው ልጅ «መጣ!» ብሎ ጮኸ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠበቃ ወዳጄን አማከርኩ። በውሌ ላይ ዋስትናው የአንድ ዓመት ነው ተብሎ ስለ ተጻፈ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ወዳጄ ግን የ1952 ዓ.ም.ን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገልጦ ቁጥር 3039ን አስነበበኝ። ሥራ ተቋራጩ ለሥራው መልካም አፈጻጸምና ለሕንፃው ጽናት ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር የውል ቃልም ዋጋ የለውም። አምስት ከመቶዬን አስረክቤ ከተቀመጥኩ በኋላ ይህን ማወቄ ሆዴን አቃጠለው። የሆነ ሆኖ ጉድለቱን ከነፎቶግራፉ ዘርዝሬ፣ ቀን ቆርጬ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠሁት። ስልኩን ያላነሣው ሰው ለወረቀቱ መጣ፤ ሽማግሌም ይዞ መጣ። አሸንዳውን አስፍቶ፣ ወደ ቱቦው አዝምሞ፣ ሁለተኛ መውረጃ ጨምሮ ሠራልኝ። ኮርኒሱን ግን በራሴ ገንዘብ አሠራሁ፤ ሽማግሎቹ «ተቻቻሉ» ብለው ስለ ፈረዱ። መጻሕፍቱን የከፈለኝ የለም።

ይህን ሁሉ ለልጁ አጫወትኩትና እንዲህ አልኩት፤ «ቅዳሜ ሰውየው ሲመጣ ‹አልከፍልህም› አትበለው። ገንዘቡን በፖስታ አድርገህ አሳየው። ቡናም ይፈላለት። ከዚያ ‹ጋሼ፣ መጀመሪያ ጣራ ላይ አብረን እንውጣ› በለው። ውሃው ሲገባ በገዛ ዓይኑ ካየ ላብ ነው ሊልህ አይችልም። የሚያስተካክለውንና የሚጨርስበትን ቀን በአንዲት ወረቀት ላይ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት። ፖስታው የሚሰጠው ሥራው ካለቀና አንድ ብርቱ ዝናብ ካለፈበት በኋላ ነው። ኮርኒሱም ሳይደርቅ ቀለም እንዳይነካው።»

«እናቴ ታፍራለች» አለኝ።

«እናትህ ከሳፋ ጋራ እየተኙ ነው» አልኩት።

ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና፤ ግንበኛው መሰላሉን ይዞ ይመጣ እንደሆነ፣ ባይመጣስ ከማን እንደሚዋስ ያሰላስል ጀመር። ዓርብ ማታ እቤቴ ድረስ መጥቶ መሰላሉን ከጎረቤት ማግኘቱን ነገረኝና ባልዲ ተውሶኝ ሄደ። ይህን እስከ ጻፍኩበት ሰዓት ባልዲው አልተመለሰም፤ ባለቤቴም ትጠይቀኛለች።