የዶርም አልጋ እንደ ቡና ችግኝ አያፈራም!

ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን ሚዛን ተፈሪ ወርጄ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለሁ በዕድሜ የገፉ አባት አጠገቤ ተቀመጡ። ከቴፒ በኩል ነው የመጡት። ልጃቸው ሚዛን ከተማ ውስጥ በግል ኮሌጅ ትማራለች። ክፍል ሊከራዩላት ሲዞሩ ውለው ደክሟቸዋል።

«ስማኝማ ልጄ» አሉኝ ሻያቸውን እያማሰሉ፣ «አከራይዋ በየወሩ ክፈል ትለኛለች። ቡና በየወሩ ይለቀማል እንዴ?»

«አይ አባባ፣ አይለቀምም» ከማለት ሌላ የምመልስላቸው አላገኘሁም። እኔም ዲፕሎማዬን የያዝኩት ለሦስት በተከራየናት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው። አከራያችን አምፖላችንን ከማታው 4 ሰዓት ላይ ከቆጣሪው ያጠፉብን ነበር። ስለዚህ የኪራይ ነገር ሲነሳ ጆሮዬ ይቆማል።

ይኸንን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝነት አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ከወጣ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ በየሻይ ቤቱና በየስብሰባው አንድ ወሬ በርትቷል። «ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን ገቢ ያምጡ» ይባላል። እንዴት ያምጡ ሲባል ከሚሰጡት መልሶች አንዱ «ቤት ሠርተው ለተማሪ ያከራዩ» የሚል ነው። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ይህን ወስኗል አላልኩም። ነገር ግን ሐሳቡ ሳይመረመር ተዘዋውሮ ሚዛንና ቴፒ ከመድረሱ በፊት ሒሳቡን ብንሠራው ምን ይለናል?

እውነት ለመናገር ሐሳቡ መልካም ጎን አለው። ዩኒቨርሲቲው መሬት አለው። ጥበቃ አለው። አጥር አለው። ሴት ልጁን ከማያውቀው ሰው ግቢ ከማስገባት ዩኒቨርሲቲው ግቢ ቢያስገባት የማይመርጥ አባት የለም። የዩኒቨርሲቲው አልጋ በበዛ ቁጥርም የከተማው አከራይ ዋጋ ሲሰቅል ግራ ቀኙን ማየቱ አይቀርም። እስከዚህ ድረስ እስማማለሁ። ችግሩ «ገቢ ያስገኛል» የሚለው ላይ ነው። እዚያ ላይ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆናል።

እስቲ አንባቢ ሆይ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝና አብረን እናስላ። ቁጥሩ የምሳሌ ነው፣ ስሌቱ ግን እውነተኛ ነው። አንድ አልጋ ከነሕንፃው 200,000 ብር ያወጣል እንበል። ገንዘቡ ከባንክ በ15 በመቶ ወለድ ተበደሩት እንበል። ወለዱ ብቻ በዓመት 30,000 ብር ነው። ዋናው ብድር በ20 ዓመት ቢመለስ በየዓመቱ 10,000 ብር ይጨመራል። ተማሪ በዓመት የሚቀመጠው 10 ወር ቢሆን፣ በመጀመሪያው ዓመት ውኃና መብራት ሳይነካ ለአንድ አልጋ በወር 4,000 ብር ማለት ነው! ለጥበቃ፣ ለጽዳት፣ ለውኃ፣ ለመብራትና ለጥገና 500 ብር ጨምሩበት። 4,500 ብር ሆነ። አንድ ክፍል ውስጥ 4 ልጆች ቢተኙ ክፍሏ በወር 18,000 ብር ልታስገባ ነው። ያ ሻይ ቤት ያገኘኋቸው አባት ይህን ከየት ያመጡታል?

ይኸም ሁሉም አልጋ ተይዞ ነው። ግማሹ ባዶ ቢያድርስ? ባንክ «አልጋህ ባዶ ነበርና ወለድህን ምሬሃለሁ» አይልም። የቀሩት ልጆች ወደ ዕጥፍ የሚጠጋ ይከፍላሉ፤ አለዚያ ዩኒቨርሲቲው ከመማሪያ መጻሕፍትና ከላቦራቶሪ በጀቱ ቀንሶ ለባንክ ያስገባል።

አልጋ ባዶ ማደሩ ደግሞ ሟርት አይደለም፣ ደርሷል። በ2012 ዓ.ም መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው በተነሳው ግጭት ስንቱ ተማሪ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ? በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ኮሮና ገባና ሁሉም ተበተነ። ብዙ ዶርም ኳራንቲን ሆነ። ያኔ በብድር የተሠራ ኪራይ ቤት ቢኖር ኖሮ ወለዱን ማን ይከፍል ነበር?

በዚህ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተናን ጨምሩበት። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም ከተፈተኑት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። የአቅም ማሻሻያ የሚባለው ሪሜዲያል የተወሰነውን አልጋ ይሞላል እንጂ፣ ድሮ በገፍ ይገቡ ለነበሩት ተብሎ የተሠራውን ሁሉ አይሞላም። ከ40 በላይ የሆኑት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚሻሙት ይህንኑ ተማሪ ነው። ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሽሚያ ከፊት እንደማይሰለፍ ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም።

የሚዛንና የቴፒ ነገር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በ1999 ዓ.ም የተቋቋመው ይህ ዩኒቨርሲቲ እንደ ስሙ በሁለት ከተማ የተከፈለ ነው። ሁለት ግቢ ማለት ሁለት ጥበቃ፣ ሁለት ጄኔሬተር፣ ሁለት የውኃ መስመር ማለት ነው። ብረቱና ሲሚንቶው በመኪና ተጭኖ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አይለይም። ቆርቆሮው ይዝጋል፣ ግድግዳው ይሻግታል፣ ቀለሙ ይረግፋል። በደረቅ አገር በ5 ዓመት የሚጠገነው እዚህ ቶሎ እጅ ይፈልጋል። በበቃ ቡና እርሻ የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው ችግኝ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ያፈራል። የብድር ሕንፃ ግን እዳውን ከፍሎ ትርፍ እስኪያሳይ፣ ዛሬ የሚፈርሙት ሹማምንት ጡረታ ወጥተው ይረሳሉ!

«ኬንያ ውስጥ ሠርቷል» የሚሉም አሉ። እርግጥ ነው፣ ናይሮቢ ውስጥ አኮርን የተባለ ኩባንያ በ2019 እ.ኤ.አ. ወደ 4.3 ቢሊዮን ሽልንግ የሚጠጋ ቦንድ ሸጦ የተማሪ መኖሪያ ሠርቷል። ነገር ግን ኩባንያው የግል ነው፤ ቢከስር የሚከስሩት ገንዘባቸውን ያዋሉት ናቸው። ናይሮቢ ደግሞ ብዙ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ከተማ የተሰበሰበባት ናት። አንዱ ቢዘጋ የሌላው ተማሪ ይከራያል። ሚዛን ላይ አንዱ ከተዘጋ ማን ይከራያል? ጦጣ?!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው «ዶርም ነፃ ነው» ብሎ ያምናል። ነፃ አይደለም ጎበዝ! ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ ተማሪው ወጪ መጋራት የሚባል ውል ይፈርማል። ውሉ የመኝታና የምግቡን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እዳ አድርጎ ይጽፍበታል። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ለገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ይገባል። ማለትም የአልጋው ኪራይ ይከፈላል፣ ዘግይቶ ነው እንጂ። ግን ያ ገንዘብ ተመልሶ የተኛበትን አልጋ አይጠግንም። አንድ ተመራቂ ሚዛን ዶርም ለተኛበት ለዓመታት ሲቆረጥበት ይኖራል፤ ያ ዶርም ግን በሩ መቀርቀሪያ አጥቶ በገመድ ሊታሰር ይችላል። እንግዲህ በዚህ ላይ «አዲስ ኪራይ» ሲመጣ ተማሪው ለአንድ አልጋ ሁለቴ ሊከፍል አይደለም ወይ?

ዋጋውን በትእዛዝ የመተመን አባዜም አለብን። የተማሪ የቀን ምግብ በጀት ለዓመታት 15 ብር ነበር። ከዚያ 22 ብር ሆነ። 100 ብር የሆነው በ2017 ዓ.ም ነው። በዚህ መካከል ጤፉና ዘይቱ የት ደርሶ እንደነበር ገበያ የወጣ ያውቀዋል። ኪራዩም እንዲሁ አንዴ ተተምኖ ለ10 ዓመት ቢረሳ ሕንፃው በላያችን ይፈርሳል። በየዓመቱ ቢጨመር ደግሞ ልጆቹ ይወጣሉ። ሁለቱም ኪሳራ ነው።

ታዲያ ምን ይሁን? ዝም ብሎ መቃወም ቀላል ነው፤ እኔም የማምንበትን ልበል።

በመጀመሪያ፣ ባዶ አልጋ እያለ በብድር አዲስ ሕንፃ አይሠራ። ያለው ዶርም በሕዝብ ገንዘብ ተሠርቶ አልቋል፤ የባንክ ወለድ የለበትም። ባዶ የሚያድር ክፍል ካለ ለማታ ተማሪ፣ በክረምት ለሚሠለጥኑ መምህራን፣ ግቢው ከፈቀደም በከተማው የግል ኮሌጅ ለሚማሩ ይከራይ። ኪራዩም የጥበቃውን፣ የውኃውን፣ የመብራቱንና የጥገናውን ብቻ ይሸፍን። በእኛው ምሳሌ ልዩነቱ 500 ብር ከ4,500 ብር ጋር ነው። አንደኛው አዋጭ ነው፣ ሁለተኛው ቅዠት ነው።

ሁለተኛ፣ የዶርሙ ሒሳብ ለብቻው ይያዝ። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት አልጋ ባዶ አደረ የሚለው በየሴሚስተሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ተማሪው ያንብበው። ለጣሪያ የተሰበሰበ ገንዘብ የሹም መኪና ጎማ እንዳይሆን ከዚህ የተሻለ ዘበኛ የለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ባለበት አገር ሒሳብ ተደብቆ አያድርም፣ ይበላል።

ሦስተኛ፣ ከተመራቂው ደመወዝ ከሚቆረጠው የመኝታ ክፍያ ድርሻው ወደተኛበት ዩኒቨርሲቲ ይመለስ። ራስ ገዝነት ከተባለ ይኸ ነው ራስ ገዝነት።

አራተኛና የመጨረሻው፣ ክፍያው የአገሩን ኑሮ ይምሰል። የቤንችና የሸካ ገበሬ እጁ ላይ ብር የሚገኘው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው። ግንቦት ላይ «ክፈል ወይም ውጣ» ማለት ልጁን ከትምህርት ማባረር ነው። በዓመት አንዴ፣ ቡናው ሲሸጥ ይቀበሉት። ዩኒቨርሲቲውም ገንዘቡን ቀድሞ ስለሚያገኝ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

ያ አባት ሻያቸውን ጨርሰው ሲነሱ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው ዣንጥላቸውን ዘርግተው ወደ ዝናቡ ገቡ። ሌላ ግቢ ሊጠይቁ ነው የሄዱት። ዩኒቨርሲቲ አከራይ ሲሆን ከዚያች ባለቤት የሚለየው ነገር ከሌለ፣ ለምን አከራይ ይሆናል?