ከማጠቢያው ቱቦ እስከ ዐባይ

ከአንድ ግቢ የተደፋ የልብስ እጣቢ ከደጃፍ ሲርቅ ከዓይን ይሰወራል እንጂ ከምድር አይጠፋም። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ከሚፈስሱት ወንዞች የብዙዎቹ መጨረሻ ዐባይ ነው። ዳቡስ ከደቡብ፣ በለስ ከሰሜን እየወረዱ ይቀላቀሉታል። ስለዚህ በአሶሳም ሆነ በባምባሲ፣ በማንዱራም ሆነ በፓዌ የሚኖር ሰው ከቤቱ ስለሚወጣው ውሃ ሊያስብ ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንሟገትለት አሳብ አንድ ነው፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያለው ቤት ሁሉ በማሽኑ የፍሳሽ ቱቦ ጫፍ ላይ ማጥለያ ሊያኖር ይገባል፤ ማጥለያውም በቤት ውስጥ በእጅ የተሠራ ቢሆን በቂ ነው።

ለመሆኑ የሚጠለለው ምንድን ነው? ልብስ በታጠበ ቁጥር ከጨርቁ ላይ የክር ብናኝ ይረግፋል። ማሽኑ ልብሱን ሲያሽከረክርና ሲጨምቅ መፋተጉ ስለሚበረታ ብናኙም ይበዛል። ማሽኑ በውስጡ ያለው ወንፊት ሳንቲምና ቁልፍን የመሰለ ነገር ይይዝ ይሆናል፤ ደቃቁ ክር ግን ሾልኮ ይወጣል። ከጥጥ የረገፈ ክር ውሎ አድሮ ይበሰብሳል። ሹራብ፣ ቱታና ብርድ ልብስ የሚሠሩባቸው ፖሊስተርና አክሪሊክ ግን የፕላስቲክ ዘር ስለሆኑ ብናኛቸው በቀላሉ አይበሰብስም።

ብዛቱን በቁጥር እንመልከት። በእንግሊዝ አገር የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ 6 ኪሎ ግራም የአክሪሊክ ልብስ አንድ ጊዜ ሲታጠብ ከ700,000 በላይ የክር ብናኝ ሊለቅ እንደሚችል ገምተዋል። ይህ የአንድ ቀን እጥበት ብቻ ነው። የዓመቱን እናንተው አስሉት።

ብናኙ አንድ ጊዜ ከወንዝ ከገባ በኋላ መልቀም የማይታሰብ ነው። ይህን በሸርቆሌና በመንጌ በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች ከማንም ይልቅ ያውቁታል። በአሸዋ ውስጥ የተበተነችውን ጥቂት ወርቅ ለማግኘት ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ሲያንገዋልሉ ይውላሉ። ወርቅ እንኳ ከባድ ስለሆነ ከገበታው ሥር ይቀራል፤ የክር ብናኝ ግን ቀላል ነውና ከውሃው ጋር አብሮ ይነጉዳል። ከመበተኑ በፊት በአንድ ጠባብ ቱቦ ሲያልፍ መያዝ የሚሻለው ለዚህ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትም እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ጉዳዩን ለክልላችን ይበልጥ ቅርብ የሚያደርገው ሌላም ምክንያት አለ። በጉባ ወረዳ የተገነባውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ እስከ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ፈጥሯል። ወንዝ ሐይቅ ሲገባ ሩጫው ይገታል፤ ያመጣውንም ደለል ያራግፋል። ዳቡስና በለስ ዐባይን የሚቀላቀሉት ከግድቡ በላይ ስለሆነ፣ ይዘውት ከሚመጡት ነገር ብዙው ከእኛው ዘንድ ይቀራል። በዝዋይ ሐይቅ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ዓሦች ከሦስት በአንዱ ገደማ ሆድ ውስጥ የፕላስቲክ ቅንጣት መገኘቱን አሳይቷል። በአዲሱ ሐይቅ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች እንዲህ ያለ ወሬ እንዳይደርሳቸው መጠንቀቅ የሁላችን ፋንታ ነው።

የማጥለያው አሠራር ቀላል ነው። አካባቢያችን የቆላ ቀርከሃ አገር ስለሆነ ሰፊ የቀርከሃ ቅርጫት አይቸግርም። ቅርጫቱን ቀዳዳ ባለው ባልዲ ላይ አስቀምጡ፤ ውስጡን በናይለን ስቶኪንግ ወይም ጥቅጥቅ ባለ ስስ ጨርቅ አልብሱት፤ የማሽኑን ቱቦ ጫፍ ከጨርቁ በላይ አንጠልጥላችሁ እሰሩት። ጨርቁን ከቱቦው አፍ ጋር አጥብቆ ማሰር አይገባም፤ ሲደፈን ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የማሽኑም ፓምፕ ይጎዳል። በየሁለት ወይም በየሦስት እጥበቱ የተጠራቀመውን ብናኝ አድርቃችሁ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ጣሉት። ማጥለያውን በቧንቧ ውሃ አለቅልቆ ወደ ቦይ መድፋት ግን የተያዘውን ሌባ በጓሮ በር እንደ መልቀቅ ነው።

«እንዲህ ያለው ማጥለያ ደቃቁን ሁሉ አይዝም» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ አይዝም። ይሁን እንጂ የጀበና ውታፍም አተላውን ሁሉ አያስቀርም፤ ሆኖም ያለ ውታፍ ቡና የሚቀዳ የለም። «ጥቂት ቤቶች ቢያጠልሉ ምን ይፈይዳል?» የሚልም አይታጣም። በካናዳ ፓሪ ሳውንድ በተባለች ትንሽ ከተማ በ97 ቤቶች ማጠቢያ ማሽኖች ላይ ለዚሁ የተሠራ ማጥለያ ተገጥሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ውጤት መሠረት ከከተማዋ የፍሳሽ ማጣሪያ በሚወጣው ውሃ ውስጥ የነበረው የክር ብናኝ በ41 በመቶ ቀንሷል። እነዚያ ቤቶች ከከተማዋ ቤቶች አንድ አሥረኛ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ይህ የፋብሪካዎች ግዴታ ነው» የሚለው ነው። በዚህ እንስማማለን። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣችው ሕግ ከ2025 ጀምሮ አዲስ ማጠቢያ ማሽኖች ማጥለያ እንዲኖራቸው ደንግጋለች። ነገር ግን ሕግ እስኪወጣና ፋብሪካ እስኪታዘዝ ድረስ በቤታችን ያለው ማሽን ማጠቡን አያቆምም።

ማሽን የሌላችሁም ከዚህ ነገር ውጪ አይደላችሁም። በሳፋ ያጠባችሁትን እጣቢ በጨርቅ አጥልላችሁ፣ ከምንጭና ከወንዝ ርቃችሁ ብትደፉት ያው ሥራ ተሠራ ማለት ነው። መብራት በደረሰበት ሁሉ ማሽኑም መከተሉ አይቀርምና ልማዱን ከወዲሁ መጀመር ይበጃል። አንድ ቅርጫት፣ አንድ ቁራጭ ጨርቅና ጥቂት ትጋት ከእናንተ የሚጠየቀው ዋጋ ይህ ብቻ ነው። በዚህ ዋጋ ከወንዙ የሚቀረው ቆሻሻ ግን በኋላ በምንም ገንዘብ ተመልሶ የማይለቀም ነው።