መድኃኒቱ ወደ ታማሚው ይሂድ

ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው ግሮቭ ሲቲ፣ ፎርጅ ባዮሎጂክስ የተሰኘው ኩባንያ ፈዋሽ ጂንን ወደ ሕዋስ የሚያደርሱ ቫይረሶችን ያመርታል። እ.ኤ.አ. በ2023 የጃፓኑ አጂኖሞቶ ኩባንያውን ለመግዛት የተስማማው በ620 ሚሊዮን ዶላር ነበር። መድኃኒትን ማግኘት ብቻ ሳይሆን በትክክለኛው ሕዋስ ላይ ማድረስም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በካንሰር ሕክምናም ጥያቄው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ በተፈቀደው የካር-ቲ ሕክምና፣ ቲ-ሴል የተባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ከታማሚው ደም ተለይተው ወደ ፋብሪካ ይላካሉ። እዚያም ካንሰሩን እንዲለዩ ተደርገውና ተባዝተው ይመለሳሉ። ሂደቱ ሳምንታትን ይፈጃል፤ ኪምሪያ የተባለው የመጀመሪያው ምርት ዋጋም 475,000 ዶላር ነበር።

አሁን ተመራማሪዎች በቅባት ቅንጣት የታሸገ የዘር መልእክት በመርፌ በመስጠት፣ ሕዋሳቱን በሰውነት ውስጥ እንዳሉ ለመለወጥ እየሞከሩ ነው። መንገዱ ቀላል አይደለም። አብዛኛው ቅንጣት በጉበት ስለሚያዝ፣ ቲ-ሴሎችን ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይለጠፍበታል። ጠጣር ዕጢዎችም የመከላከያ ሕዋሳትን የሚያዳክም አካባቢ አላቸው።

ይሁንና ቅድሚያ የሚገባው ይህ መንገድ ነው። ለአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ታማሚ፣ ደሙን ባሕር አሻግሮ ልኮ መጠበቅ የማይታሰብ ነው፤ በብልቃጥ የሚመጣ መርፌ ግን ይታሰባል። የኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም ውጤቱን ከመጠበቅ አልፈው፣ ከወዲሁ የሙከራው ተካፋይ ሊሆኑ ይገባል። ዒላማውን ያገኘ መድኃኒት ታማሚውን ካላገኘ፣ ጉዞው ገና አልተፈጸመም።