ሚልፎኒ ነው፣ ሚልፎልዬ ነው ወይስ ሚልፎይ?

ይህ ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው የቀብር ማስታወቂያ፣ የመዋጮ ማሳሰቢያና የድንኳን ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን ስለ ኬክ እንጽፋለን። እየሳቃችሁ እንደምታነቡት እናውቃለን፤ ሳቁም አይከፋም። ነገር ግን ከሳቁ መካከል አንድ የማንወደው ነገር ስላለ እርሱን ሳንናገር ማለፍ አልፈለግንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዓመታዊው ጠቅላላ ስብሰባ ምን ይቅረብ ተብሎ ኮሚቴው ሲመክር፣ ያ ቅጠል ቅጠል ያለው፣ በመካከሉ ክሬም የተቀባው፣ ላዩ ላይ የላመ ስኳር የተነሰነሰበት ኬክ ይሁን ተባለ። በዚህ ሁሉም ተስማማ። ጭቅጭቁ የመጣው ስሙን በቃለ ጉባዔ ላይ እንጻፍ ስንል ነው። ግማሹ ሰው «ሚልፎኒ» አለ። ድሮ ከጣሊያኖች ጋር ጋራዥ የሠሩ አንድ ሽማግሌ «ሚሌፎልዬ ነው እንጂ ፎኒ የሚባል ነገር የለም» ብለው ተቆጡ። ከወጣቶቹ አንዱ ደግሞ «ሁላችሁም ተሳስታችኋል፣ የፈረንሳይ ነው፣ ሚልፎይ ነው የሚባለው» አለ። ድንኳን ለመግዛት ሃያ ደቂቃ የበቃን ሰዎች በኬክ ስም አንድ ሰዓት ተከራከርን። ሻዩም ቀዘቀዘ።

እስቲ ከሥሩ እንየው። በጣሊያንኛ «ሚሌ» ማለት ሺህ ነው፣ «ፎልዬ» ማለት ቅጠሎች ነው። ፈረንሳዮቹም «ሚልፎይ» ሲሉ ያንኑ ሺህ ቅጠል ማለታቸው ነው። ሊጡ ቅቤ በመካከሉ ተደርጎ ይታጠፋል፣ ይዳመጣል፣ ደግሞ ይታጠፋል። በተለመደው አሠራር በሦስት በሦስት እያጠፉ ስድስት ጊዜ ይመላለሱበታል። ሦስትን በሦስት እያባዛችሁ እስከ ስድስተኛው ብትሄዱ የምታገኙት 729 ነው። እንግዲህ ሺህ አልሞላም! ስሙ ራሱ 271 ቅጠል የጎደለው ሆኖ ሳለ እኛ በአንዲት «ኒ» ስንጣላ መዋላችን ነው።

ደግሞም ያ የጣሊያኖቹ «ልዬ» ለአማርኛ ተናጋሪ ምላስ የሚመች ድምፅ አይደለም። ማካሮኒ ማለት የለመደ አፍ «ፎኒ» ቢል የሚያስነውር አይመስለንም።

በቦምቦሊኖና በሳምቡሳም እንዲሁ ነው የምንባላው። አንዱ «ቦንቦሊኖ»፣ «ሳንቡሳ» ሲል ሌላው ያርመዋል። ይህ የአማርኛ የራሱ ጠባይ ነው። «ን» ከ«በ» ፊት ስትመጣ ወደ «ም» ታደላለች። «አንበሳ» ብለን ጽፈን «አምበሳ» እንላለን፤ «ወንበር» ብለን ጽፈን «ወምበር» ላይ እንቀመጣለን። እስከ ዛሬ ከዚህ የተነሣ ከወንበር የወደቀ የለም።

ብስኩትንም ሰሞኑን ተማሪዎቻችን «ቢስኪት በሉ» እያሉ አያቶቻቸውን ማረም ይዘዋል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ሁለት ጊዜ የበሰለ ማለት ነው። ጣሊያኖቹ «ቢስኮቶ» ይሉታል፤ እንግሊዞቹ «ኡ»ዋን ይጽፏትና ሲያነቡ ይውጧታል። አሜሪካኖች ደግሞ በዚያው ስም የሚጠሩት ሌላ፣ ለስላሳ የሆነ ትንሽ ዳቦ ነው። ታዲያ አያትህ «ብስኩት» ብትልህ ተቀብለህ ብላ እንጂ ምን ያከራክርሃል?

የምንኖርበት ሠፈር ራሱስ? ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን ይዞ በነበረበት ዘመን የመጣ ስም ነው፤ በእነርሱ አፍ «ፒያጻ» ነው፣ አደባባይ ማለት ነው። እኛ ፒያሳ አልነው፣ ፒያሳ ሆኖ ቀረ። ካዛንቺስም «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው ነው የመጣው፤ ኢንቺስ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው የጣሊያን ድርጅት ስም ነው። ዛሬ በታክሲ ውስጥ «ካዜ ኢንቺስ አውርደኝ» የሚል ሰው ቢገኝ ረዳቱ ምን እንደሚመልስለት እናንተ ገምቱ።

አሁን ወደማንወደው ነገር እንምጣ። አንዲት የእድራችን እናት፣ እዚሁ ሠፈር ብዙ ዘመን የኖሩ፣ አንድ ኬክ ቤት ገብተው «ሚሊፎን ስጪኝ የኔ ልጅ» ቢሉ አጠገባቸው የተቀመጡት ወጣቶች ሳቁባቸው። አስተናጋጇም አብራ ሳቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ እኒህ እናት ስሙን አይጠሩም፤ በመስተዋቱ ላይ በጣታቸው እያሳዩ «ያንን» ይላሉ። ሰው በገዛ ሠፈሩ፣ በገዛ ገንዘቡ፣ እንደ ባዕድ በጣት ይግዛ? ይህ ጨዋታ አይደለም። በእንሪኮ ኬክ ቤት ተሰልፈን በምንበላበት ጊዜ እንሪኮ ያለም ኤንሪኮ ያለም እኩል ነበር የሚስተናገደው። አራዳ ነኝ የሚል ልጅ ደግሞ በእናት አፍ አይስቅም፤ የሰው ገመና መሸፈን ነው የአራዳ ወጉ።

በ2016 ዓ.ም. የሠፈራችን ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ብዙ ጎረቤቶቻችን ወደ ሩቅ ሠፈር ተበትነዋል። አንዷ ለሐዘን ስትመጣ ያጫወተችን፣ አዲሱ ሠፈሯ ውስጥ ባለ ሻይ ቤት «ሚልፎኒ አላችሁ?» ብላ ብትጠይቅ ባለቤቱ «የፒያሳ ሰው ነሽ መሰለኝ» አላት። እንባዋ መጣ አለች። እንግዲህ ለእርሷ «ስህተት ነው» የሚላት ካለ ይምጣና ለእኛ ይንገረን።

ኮሚቴውም በመጨረሻ የወሰነው፣ በቃለ ጉባዔው ላይ ሦስቱም ስሞች በተርታ እንዲጻፉና ማንም አባል በቀናው አኳኋን እንዲጠራው ነው። ሽማግሌው ፈርመዋል፤ ወጣቱም እያጉረመረመ ፈርሟል። የኬኩን መዋጮ ግን እስከ አሁን ካልከፈሉት መካከል የሚበዙት «ሚልፎይ» ባዮቹ ስለሆኑ እስከ መጪው እሑድ ለገንዘብ ያዧ እንዲያስገቡ እናሳስባለን።

የእድሩ ጸሐፊ