የራሱ አሠሪ የሆነ ሠራተኛ

የንግድ ፈቃድ በስሙ ያወጣ ሰው ሁሉ ባለጸጋ ነውና ትርፉን ለብቻው እንደ በላ ኪሣራውንም ለብቻው ይቻል የሚል አሳብ በአገራችን ሥር ሰዶ ይኖራል። ይህ አሳብ ስለ አስመጪና ስለ ባለፋብሪካ ሲነገር ርትዕ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በአቃቂ ቃሊቲ ከፋብሪካዎቹ አጥር ሥር በርና መስኮት ለሚበይደው፣ ጎማ ለሚለጥፈው፣ ለፈረቃ ሠራተኛ ምሳ ለምታቀርበው ሴት ሲነገር ግፍ ነው፤ እነዚህ በወዛቸው የሚያድሩ እንጂ ንዋያቸው ሠርቶ የሚያበላቸው አይደሉምና።

እርግጥ በኢትዮጵያ ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚከፈል የሥራ አጥነት መድን ለማንም የለም። ይሁን እንጂ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ድርጅት ለዘለቄታው ሲዘጋ፣ የሕጉን ሁኔታ ለሚያሟላ ተቀጣሪ፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ለየዓመቱ የዚሁ ሲሶ እየታከለበት፣ ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ የሥራ ስንብት ክፍያ እንዲሰጠው ያዝዛል። መልካም ሕግ ነው፤ ማንም እንዲነካው አልሻም። ዳሩ ግን ከፋዩን እናስተውል፤ ሁለት ረዳቶች ይዞ ከእነርሱ ጋር ጭስ ሲጠጣ የኖረ፣ ለጡረታቸውም ከደመወዛቸው 11 በመቶ ያህል ከኪሱ ሲያዋጣ የከረመ ባለሙያ፣ የሥራው በር በተዘጋበት ዕለት የእነርሱን ድርሻ ከፍሎ ሲያበቃ፣ በሕጉ ትርጓሜ እርሱ ሠራተኛ አይባልምና የሚጠይቀው አሠሪ አጥቶ ባዶ እጁን ይቀራል።

ዕቁብና ዕድር አሉለት ይባላል። ዕድር በኀዘን ጊዜ ክቡር ማኅበር ነው፤ ገቢው የተቋረጠበት ሰው ግን ዕቁቡን ከምን አምጥቶ ይጥላል?

ሥራው ሲቋረጥበት ለእርሱም ካሣ ይከፈለው ሲባል፣ ሆን ብሎ ዘግቶ ገንዘብ ይወስዳል የሚሉም አሉ። ነጋዴ ፈቃዱን ሳይመልስና የግብር ክሊራንስ ሳያወጣ ከመዝገብ አይሰረዝም፤ መንግሥት ለግብሩ ያመነውን ማስረጃ ለካሣው ስለ ምን ይጠራጠረዋል? ደመወዝ የሌለው መዋጮ አይከፍልም የሚለውም ሙግት፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ በተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ፈርሷል፤ ደመወዝ የማያውቀው ገበሬ ከፍሎ ታክሞበታልና። አሜሪካም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ለጊዜው ባወጣችው ሕግ፣ በግላቸው ሠርተው የሚያድሩትን ሁሉ፣ ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችንን ጨምሮ፣ በሥራ አጥነት ድጎማ ውስጥ እስከ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ አስገብታ ነበር።

እንግዲህ የማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደሩ ለአነስተኛ ባለንግድ በፈቃድ የሚገባበት መዝገብ ይክፈት፤ ባለንግዱ ፈቃዱን በየዓመቱ ሲያድስ መዋጮውን አብሮ ይክፈል፤ ሥራው በተቋረጠ ጊዜም፣ ሌላ እስኪጀምር ድረስ፣ ለተወሰኑ ወራት ለቤተ ሰቡ ቀለብ የሚበቃ ይሰጠው።